አጥር እግር የለውም

በፎገራ የአጥር ዕድሜ አንድ ዓመት ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይወጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። ቤቶቻችን ከፍ ባለው ቦታ ስለ ተሠሩ አይጥለቀለቁም፤ ግቢው ግን እስከ መስቀል ድረስ ረግረግ ነው። ዋልካ አፈር አንድ ጊዜ ውኃ ከያዘ አይለቅም። የአጥሩ ቋሚ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ከአፈሩ አፍ ላይ እንደ ራሰ ቂጣ ቁርጥ ይላል። ከውኃ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጥቅምት ገብቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ሁሉም ሰው አጥሩን እንደ ገና ያጥራል።

ያለ አጥር መኖር አይቻልም። ከብት ይገባል። ከከብቱ የሚብሰው ደግሞ የሰው ዓይን ነው። ሰው በጓሮው ምን እንደ ዘራ፣ ምን እንዳሰጣ፣ ምንስ እንዳጣ ጎረቤቱ ባያይለት ይመርጣል። ለዚህ ከጣና ዳር ደንገል እናስመጣለን። ደንገሉ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከማገሩ ላይ ሲታሰር ዓይን አያሳልፍም። ድምፅ ያሳልፋል። ለድምፅ እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም።

ሁለት ጎረቤት በሚዋሰኑበት አጥር ላይ የቆየ ልማድ አለን። አንዱን ዓመት አንዱ ያጥራል፣ በዓመቱ ሌላው። አዲሱ ቋሚ በአሮጌው ጉድጓድ አይተከልም፤ አሮጌው ጉድጓድ ውኃ ያቆራል፣ እንጨቱም ገና በኅዳር መዝመም ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ክንድ ፈቀቅ ተብሎ ይቆፈራል። ፈቀቅ የሚባለው ወደ ጎረቤት በኩል ነው። አሮጌው አጥር ላጠረው ሰው ማገዶ ነዋ። ሜዳችን ዛፍ የለውም፣ የምናነደው ኩበት ነው፤ የበሰበሰም ቢሆን እንጨት ምንጊዜም እንጨት ነው። አዲሱ አጥር ከአሮጌው ማዶ ሲቆም አሮጌው ባጠረው ሰው ግቢ ውስጥ ይቀራል፣ እርሱም ለቅሞ ያስገባዋል። በዓመቱ ጎረቤቱ በተራው ያንኑ አንድ ክንድ ይመልሳል። አጥሩ እንዲህ ወዲህና ወዲያ ሲል ይኖራል እንጂ ከቦታው አይርቅም። አባቶቻችን ይህን በምን ብልሃት እንዳሰቡት አላውቅም። ምናልባትም አላሰቡትም።

በሰፈራችን በቁሐር ሚካኤል፣ ከደጄ ፊት ለፊት፣ ሁለት ግቢዎች እንዲህ ባለ አንድ አጥር ይዋሰናሉ። አንደኛው የያየህ ነው። ሁለተኛው የአንለይ ነበር። አንለይ በ1945 ዓ.ም. በሚያዝያ ሞተ። ሁለቱ ሴት ልጆቹ አስቀድመው ተድረው ሄደው ነበርና ሚስቱ ድንቅነሽ ብቻዋን ቀረች። ያየህ ታናሺቱን ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጇ ነው።

በአርባ ስድስት ጥቅምት የአጥሩ ተራ የአንለይ ቤት ነበር። ያየህ ግን ገና መሬቱ ጠፈፍ ሳይል መቆፈሪያውን ይዞ ወጣና የአበልጁ እጅ መቆፈሪያ እንደማይነካ፣ እርሱ በሕይወት እያለ መበለት አጥር እንደማታጥር ተናገረ። አጠረላት። በዓመቱ ተራው የራሱ ነበር፣ አጠረ። በሦስተኛው ዓመት ተራው እንደ ገና የድንቅነሽ ነበር፤ አሁንም እርሱ አጠረላት። ከዚያ ወዲያ ተራ የሚባል ነገር ተረሳ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየህ ብቻውን አጠረ። ሲያጥርም አሳምሮ ነው፤ ቋሚው ቀጥ ያለ፣ ደንገሉ ወፍራም። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ሳይቀሩ ይመርቁት ነበር። እኔም መርቄዋለሁ።

በአምሳ ሁለት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ድንቅነሽ ከበሯ ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«አያ አድማሴ፣ እስቲ ይምጡና አንድ ነገር ይዩልኝ። አንቱ ነገር ያያሉ ይላሉ።»

ሄድሁ። ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝና ከአንድ ጌሾ አጠገብ አቆመችኝ። ጌሾውን የተከለው አንለይ ነው። ዋልካ ላይ ጌሾ አይሆንም፣ ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ አንለይ የኩይሳ አፈር በአህያ አስመጥቶ ጉብታ ሠራለት፣ ከጉብታው ላይ ተከለው። አፈሩን አብሬው ጭኛለሁ። ጌሾው ጸደቀ፣ ሰው አከለ። አንለይ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር፤ ተራው የሚደርሰው በኅዳር ሚካኤል ነው። ከሞተም በኋላ ድንቅነሽ ተራውን አልጣለችም። በየኅዳሩ ጠላውን የምትጠምቀው በዚያ ጌሾ ነው።

ጌሾው ከአጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀችኝ። በእጄ ለካሁት። ስንዝር ተኩል ነበር።

«አንለይ ሲተክለውስ?»

አሰብሁ። ያን ዕለት አህያዋን ከነጭነቷ በጌሾውና በአጥሩ መካከል አዙሬያት ነበር።

«አህያ ዞራበታለች» አልሁ።

«አሁን ድመትም አትዞርበት።» ቀጥላም፣ «በየጠዋቱ ደጅዎ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ፊትዎ ወደዚህ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ አጥር ሲሄድ አላዩም?»

«ዓይኔ ከመጽሐፉ ላይ ነበር።»

«ዓይንዎንም ያስጾሙታል ማለት ነው» አለች።

ስድስት ዓመት በአንድ ወገን የታጠረ አጥር ስድስት ክንድ እንደሚሄድ ሕፃን ልጅ ያሰላዋል። ያየህ አላሰላውም። እኔም አላሰላሁትም። ከእኛ ይልቅ ያሰበው ጌሾው ነው፣ ወደ አጥሩ ያለው ቅርንጫፉ ቢጫ ሆኖ ነበር።

በሚመጣው ሳምንት ያየህ ሊያጥር እንደሆነ ነገረችኝ። እንጨቱን ቆርጦ ጨርሷል። አንድ ክንድ ፈቀቅ ሲል ጌሾው ማዶ ሊቀር ነው። ነቅሎ ማዛወር አይቻልም፤ የዚያን ዕድሜ ጌሾ ከነቀሉት ይደርቃል። ያየህ ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ በጠየቀችው ጊዜ ሁሉ ቅጠሉን እንደሚሰጣት ልነግራት ሞከርሁ።

«ይሰጠኛል እንጂ» አለች። «ያውም በደስታ ነው የሚሰጠኝ። ለአንለይ ጽዋ የአንለይን ጌሾ ከያየህ እየለመንሁ፣ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ስል ልኑር?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

በቀጥታ እንዳትነግረው ደግሞ የአገራችንን ጠባይ ታውቃለች። በእኛ ዘንድ ሰው ሚስቱን ቢነኩበት ይታረቃል፤ በድንበር ሲመጡበት ግን ደብረ ታቦር ድረስ ይካሰሳል፣ ሲሞትም ክሱን ከመሬቱ ጋር ለልጁ ያወርሳል። «ድንበሬን ገፋኸኝ» የሚባል ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ያየህ ደግሞ በዚያ አጥር የተመሰገነ ሰው ነው። ሌባ ተባልሁ ብሎ የሚያዝነው ኀዘን ቀላል አይሆንም። ድንቅነሽም ጌሾዬን ላድን ብዬ ጎረቤቴን አጥቼ ልቀመጥ ነው ወይ አለችኝ። ስለዚህ በዘወርዋራ እንዳናግረው ላከችኝ። ለዘወርዋራ ንግግር እኔን መምረጧ የቸገረው ሰው የሚያደርገው ነው።

ያየህ ደጁ ላይ ቋሚዎቹን በፋስ እያሾለ አገኘሁት። ሚስቱ ታይቱ ባምናው አጥር እንጨት እሳት አንድዳለች። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት። ስለ ጓያው ጠየቅሁት። ከዚያም አጥሩ ወደ ድንቅነሽ ጌሾ መቅረቡን አነሣሁ።

አሳብ እንዳይገባኝ ነገረኝ። ጌሾው ወደ እርሱ ግቢ ቢገባ እንደ ራሱ ውኃ እንደሚያጠጣው፣ ከፍየልም እንደሚጠብቀው፣ አንለይ ወንድሙ እንደነበረ ነገረኝ። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

«አጥሩ ትንሽ የሄደ አይመስልህም?» አልሁት።

ፋሱን አስቀምጦ ሳቀ።

«አጥር እግር የለውም፣ አያ አድማሴ።» ታይቱንም ጠርቶ እንድትሰማ አደረጋት። «አያ አድማሴ አጥሩ ሄደ ይላሉ። ወረታ ገበያ ታይቶ ይሆን?»

ታይቱም ሳቀች። እኔ ወደ ድንቅነሽ ግቢ አሻግሬ አየሁ። እርሱም ወዴት እንደማይ ሲያስተውል አንድ ነገር የገባው መስሎት ፊቱ በራ። ድንቅነሽ እንደ ላከችኝ ዐወቀ፤ ለምን እንደ ላከችኝ ግን የራሱን ገመተ። ስድስት ዓመት ያጠረላትን ልታመሰግነው አፍራ ሽማግሌ መላኳ ነው አለ። ምስጋና እንደማያስፈልገው፣ ለጽድቁ ብሎ እንደሚያደርገው እንድነግራት አጥብቆ አደራ አለኝ። ታይቱም ሽምብራ ቆሎ በእፍኝ ሰጥታ ሸኘችኝ።

ድንቅነሽ በሯ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለ?»

«ምስጋናሽን ተቀብሏል» አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። እኔ ቆሎውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይሳቁ እንጂ፣ አያ አድማሴ። ወይስ አንቱ የሳቁ ዕለት ርብ ወደ ኋላ ይፈሳል የሚሉት እውነት ነው?»

ከሳቋ ስትመለስ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ። ጌሾውን ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ቆሎውን ከእጄ ተቀብላ እየቆረጠመች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አንቱ ዳዊት ደግመዋል። ውለታ የዋለ ሰው ውለታው ሲመለስለት እንቢ ማለት ይችላል?»

«አይችልም» አልሁ። «ነውር ነው።»

«መቆፈሪያዎ ስለት አለው?»

«አለው።»

«ሐሙስ በጠዋት ይዘውልኝ ይምጡ።»

ሐሙስ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሄድሁ። ወንድሟ ደሴ ከወረታ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በአህያ አምጥቶ አራግፎ ሄዷል። ድንቅነሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቆማለች። አሮጌውን አጥር በአንድ በኩል ገፋ አድርገን አለፍሁ፣ ልማዱ በሚለው መሠረት ከአጥሩ ማዶ አንድ ክንድ ለክቼ መቆፈር ጀመርሁ። ማዶ ማለት የያየህ ግቢ ነው። ያየህ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ያየው እንግዲህ እኔን ነው፣ በገዛ ግቢው ስቆፍር።

ትንሽ ቆሞ አየኝ።

«አያ አድማሴ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?»

በአገጬ ወደ ድንቅነሽ አመለከትሁት። እርሷ በተሰበረው አጥር መካከል ቋሚ ይዛ ቆማለች።

«ተራዬ ነው፣ አበልጄ» አለችው።

«ተራሽን እኔ አጥርልሽ የለም ወይ?»

«አጥረህልኛል። ስድስት ዓመት አጠርህልኝ። አሁን ስድስት ዓመት እኔ አጥርልሃለሁ።»

ያየህ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ቆፈርሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንዳመጣችው፣ ምን እንዳጓደለባት ጠየቃት። ምንም አላጓደልህብኝም አለችው። እንግዲያው ለምን ታዋርጂኛለሽ አላት።

«ሰው ምን ይለኛል? ያየህ መበለት አስቆፈረ ይሉኛል።»

«እኔን ‹ድንቅነሽ ተቀምጣ የሰው ባል ታስቆፍራለች› ሲሉኝ ይኸው ስድስት ዓመቴ። አንተም ትንሽ ቅመሳት።»

«አልፈልግም፣ አበልጄ። ይቅርብኝ።»

«ለእኔ ግን አይቀርልኝም። ውለታህን ሳልመልስ ብሞት ነፍሴ ከዚህ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ትቅር? በየጠዋቱ ስትወጣ እኔን ልታይ ነው?»

ያየህ ነፍስ ሲነሣበት የሚከራከር ሰው አይደለም። ታይቱ ከበሩ ላይ ሆና ስትሰማ ነበርና ትመልስ ተዋት፣ የነፍስ ነገር ነው አለችው። ትንሽ አሰበችና ደግሞ ጠየቀች።

«የአሮጌው እንጨትስ?»

«ላጠረው ነዋ፣ እታለም» አለች ድንቅነሽ። «ልማዱ እንደዚያ አይደለም ወይ?»

ታይቱ ወደ ቤት ገባች። በሩን ግን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዘጋችው።

ያየህ ምን ያድርግ? ሄዶ እንዳይቀመጥ እኔ በግቢው እየቆፈርሁ ነው። እንዳይቆፍር ተራው አይደለም። በመጨረሻ አጥሩ እንዳይጣመም ገመዱን እኔ ልያዝ አለ። ድንቅነሽም ያዝ አለችው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሮ ያዘልን። አጥሩ አንድ ክንድ ወደ እርሱ ገባ፣ ያውም ቀጥ ብሎ። ጌሾው ስንዝር ተኩል የነበረው ክንድ ከስንዝር ተኩል አገኘ።

ማታ ወገቤን ይዤ ስወጣ የሚመጣው ዓመት እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሌላ ቆፋሪ ፈልጊ አልኋት።

«ስድስት ዓመት ስል አልሰሙም?»

«ለእርሱ የነገርሽው መስሎኝ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ደጅዎ ተቀምጠው ሲያዩት ለኖሩት አጥር ስድስት ዓመት ቢቆፍሩ ምን ይልዎታል?» አለች።

ክፉ ሒሳብ አይደለም። በአምሳ ሦስትም ቆፈርሁ።

በአምሳ አራት፣ ሦስተኛው አጥር በቆመ በማግሥቱ፣ ያየህ ደጄ መጥቶ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ስለ ሽምብራው ጠየቀኝ። አካሄዱን ዐወቅሁት፣ የራሴ አካሄድ ነበርና።

«አያ አድማሴ፣ ይህ አጥር…» አለና ተወው። ቆይቶ ደግሞ፣ «ታይቱ ጎመን የዘራችበት ቦታ ጠበበኝ ትላለች። አጥሩ የሚሄድ አይመስልዎትም?»

«አጥር እግር የለውም» አልሁት። «አንተ ነህ የነገርኸኝ።»

እኔም ዳዊቴን ገለጥሁ። ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ግን በዚህ ጊዜ ዓይኔን አላስጾምሁትም። ተነሥቶ ወደ ግቢው ሲገባ አየሁት። የጥጃውን ጋጣ ግድግዳ ይዞ በክንዱ እየለካ እስከ አጥሩ ሄደ። ከዚያ ተጎነበሰ። ጥቅምት ዋልካ መሰንጠቅ የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ የድሮ ጉድጓድ ያለበት ቦታ አስቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ዙሪያውም እንደ ምጣድ አፍ ክብ ይሠራል። ያየህ በየዓመቱ ወደ ድንቅነሽ ሲገፋ ትቶት ያለፈው የቋሚ ጉድጓድ ረድፍ በረድፍ ሆኖ በግቢው ውስጥ ይታይ ነበር። ያየህ አንዱን ረድፍ ረገጠ። ሁለተኛውን ረገጠ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ብዙ ተቀመጠ። ጥጃው መጥቶ ጋቢውን ላሰው፣ አላባረረውም።

ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ውለታሽ በቃኝ ቢላት ሰው ሁሉ ይቀበለዋል፤ አጥሩ በመንገድ ላይ ይቀራል፣ ሦስት ክንድ መሬትም የእርሱ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ካፈረ ነው። ያፈረ ሰው ይኮርፋል፣ የኮረፈ ጎረቤት ከጠፋ ጌሾ ይከፋል።

በዚያው ኅዳር ሚካኤል የጽዋው ተራ እንደ ልማዱ በድንቅነሽ ቤት ነበር። ያየህ መጣ። ከእኔ ቀጥሎ ተቀመጠ። ጠላው ሲቀዳለት ዋንጫውን ብዙ ጊዜ አየው፣ ቀመሰው። ድንቅነሽ እንስራውን ይዛ ፊቱ ቆማለች። ሁለቱም አልሳቁም።

«ጌሾው ዘንድሮ በርትቷል» አላት።

«ቦታ ሲያገኝ ይበረታል» አለችው።

«እንዲህ ከሆነ» አለ ያየህ፣ «ገና ሦስት ዓመት ይበረታል።»

ዋንጫውን ጨለጠና እንድትደግመው ዘረጋላት። ድንቅነሽ ቀዳችለት። እስኪፈስ ድረስ ቀዳችለት፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ አታደርግም፣ እጇ ልክ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ቀላል ነበር። በየጥቅምቱ ያየህ ገና ሳልደርስ ገመዱን ወጥሮ ይጠብቀኛል። በአምስተኛው ዓመት የጥጃውን ጋጣ ራሱ አፍርሶ ወደ ቤቱ አስጠጋው፣ ለአጥሩ መንገድ እንዲለቅ። ታይቱ ስትጠይቀው ጋጣው ውኃ ይገባበታል አላት። ጋጣው ውኃ ሲገባበት የኖረው ከተሠራ ጀምሮ ነው። በስድስተኛው ዓመት ስቆፍር መቆፈሪያዬ ያለ ጉልበት ሰመጠ። እጄን ሰድጄ አንድ የእንጨት ጉማጅ አወጣሁ፣ ጥቁር፣ ላዩ የበሰበሰ፣ ልቡ ግን ደኅና። ወይራ ነበር። በእኛ ሰፈር ለአጥር ወይራ የሚተክል ሰው አንለይ ብቻ ነበር፣ ከጣራ ገዳም በኩል የሚያመጣለት ዘመድ ነበረው። ጉማጁን ለድንቅነሽ ሰጠኋት። ተቀብላኝ በቀሚሷ ጠረገችው። ማገዶ ግን አላደረገችውም፤ የቤቷ በር ማታ ሲዘጋ የሚደገፈው በእርሱ ነው።

በአምሳ ስምንት ተራው ወደ ያየህ ዞረ።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ያየህ ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። ሜዳችን ላይ ለውሻ የሚወረወር ድንጋይ እንኳ አይገኝም። ከወረታ በላይ ካለው ኮረብታ በአህያ እየጫነ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ወር ሙሉ አመላለሰ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ነው አለ። አንዳንዱ የደርብ ቤት ሊሠራ ነው አለ። ሲጠይቁት ለላሚቱ መርገጫ ነው ይላል። ድንቅነሽም በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ አበልጄ አርጅቶ ድንጋይ መሰብሰብ ጀመረ፣ አያ አድማሴ ጸሎት ይያዙለት ትለኝ ነበር። እየቀለደችም ቢሆን ግን ጌሾውን ታይ ነበር። የሚቀጥለው ተራ የእርሱ ነው፤ አንድ ክንድ ሊመጣ መሆኑን ታውቃለች። አንድ ክንድ ምንም አይደለም፣ ልማድ ነው። ቢሆንም ታይ ነበር።

የሚያጥርበት ቀን ደረሰ። መቆፈሪያዬን ሳልይዝ ሄድሁ፣ ተራዬ አልነበረምና። ያየህ አሮጌውን አጥር አልፎ አልወጣም። የበሰበሱትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ነቀለ፣ ያንኑ ጉድጓድ ጠረገ፣ ጥልቅ አደረገው፣ ከሥሩ ድንጋይ አነጠፈ፣ አዲሱን ቋሚ በዚያው አቆመ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቆ ሞላው። ውኃው በድንጋዩ መካከል ወርዶ ይሄዳል፣ እንጨቱ አይታፈንም። በአባቶቻችን ዘመን ይህን ያደረገ ሰው አላየሁም። ለነገሩ ድንጋይ ማን ነበረው?

የነቀለውንም እንጨት ከሁለት ከፈለው። ግማሹን ወደ ቤቱ በኩል ጣለው፣ ግማሹን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ ድንቅነሽ ጓሮ ወረወረው።

ድንቅነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየች።

«አበልጄ፣ ልማዱን አፈረስኸው። አንድ ክንድ ፈቀቅ አይደለም ወይ?»

ያየህ ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ በእግሩ ረገጥ ረገጥ እያደረገ ነበር። ቀና ሳይል መለሰላት።

«አያ አድማሴን ጠይቂያቸው። አጥር እግር የለውም።»

እርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት መጽሐፍ አልያዝሁም ነበር። ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ ነው የሳቅሁት፣ ታይቱ ምን ሆኑ ብላ ከቤት እስክትወጣ ድረስ። ድንቅነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለያየህ በእጇ አመለከተችኝ፣ ከዚያም ወደ ርብ ተመለከተች፣ ውኃው ወደ ኋላ ይሄድ እንደሆነ ለማየት።

ርብ እንደ ወትሮው ወደ ጣና ይፈስ ነበር።